በግማሽ ጣሳ ጨው የተሸጠው ወንድሜ

ወንድሜ ሲሸጥ አይቻለሁ። በወሬ ሰምቼ አይደለም፤ በዓይኔ በብረቱ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ መካኒሳ፣ ግቢያችን በር ላይ ካለው ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ነው ያየሁት። የሸጠችው የአባቴ እናት ናት። የገዛችው ባለሱቋ ጎረቤታችን እትዬ ዙሌካ ናት። ዋጋው ግማሽ ጣሳ ጨው ነበር። እናቴ አስቴር ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ከኋላ ቆማ ታያለች። አባቴ ገሠሠ፣ ጎፋ አንድ ጋራዥ ውስጥ ላሜራ ሲቀጠቅጥ ውሎ ማታ እቤት የሚጮኸው ሰውዬ፣ የዚያን ዕለት ግድግዳ ተደግፎ ጥፍሩን ይመለከታል።

ጨው ደግሞ ቤታችን ሞልቷል! እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ሌላ ሌላው ይቅር፣ ቢያንስ የሌለንን ነገር ቢቀበሉበት ምን ነበረበት?

እንዲህ ስል ብልጥ ልጅ የነበርኩ እንዳይመስላችሁ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት እማዬ ሆዷ እየገፋ ሲሄድ "ምን ሆነሽ ነው?" ብዬ ስጠይቃት "ጨጓራዬን ነው" አለችኝ፤ እኔም አመንኳት። ክፍል ውስጥ ከአንድ እስከ ሦስት የምወጣ ልጅ ነኝ እኮ! ሰፈሩ በሙሉ እርጉዝ መሆኗን ሲያውቅ እኔ ግን ጨጓራዋን እያስታመምኩ ነበር። ምሳ ሲቀርብ በርበሬ የበዛበትን ወጥ ከፊቷ አንስቼ "ያባብስብሻል!" እያልኩ እቆጣታለሁ። እሷም "እሺ እናቴ" ብላ ደረቅ እንጀራዋን ትበላለች። አቤት ትዕግሥቷ!

ቤታችን ውስጥ ስለ እርግዝና ማውራት ክልክል ነበር። አንዲት የሕፃን ካልሲ እንኳ አልተገዛም። ለካ ከእኔ በኋላ ሁለት ጠፍተዋል። አንዱ ሳይወለድ ነው የሞተው፤ ሁለተኛዋ ተወልዳ፣ ስም ሳይወጣላት ሄዳለች። እኔ ከዚህ ሁሉ የማውቀው ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠሩትን አንድ ስም ብቻ ነው።

"አስቴርን እኮ ሾተላይ ነው የያዛት።"

"ውይ፣ ልጅ አይበረክትላትማ።"

ሾተላይ ልጅ የሚወስድ ሰውዬ መሰለኝ። እኛ ሰፈር ደግሞ ልጅ ሊወስድ የሚችል ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ጆንያ ተሸክሞ "ቆራሌው!" እያለ የሚዞረው። ስለዚህ ድምፁን በሰማሁ ቁጥር እየሮጥኩ የግቢውን በር እቀረቅርና በቀዳዳው "የሚሸጥ የለም! ሂድ ከዚህ!" እለዋለሁ። ምስኪን፣ ከእኛ ግቢ ከጠርሙስና ከአሮጌ ጫማ ሌላ ምንም ፈልጎ አያውቅም። በኋላ በኋላ በራችን ጋ ሲደርስ ድምፁን ቀንሶ ማለፍ ጀመረ።

ባለፈው ዓመት እኔ ራሴ አረገዝኩና ክትትል ጀመርኩ። ሐኪሟ በቤተሰብ ውስጥ ጽንስ የሞተበት እንዳለ ስትጠይቀኝ የሾተላዩን ነገር እየሳቅሁ አጫወትኳት። እሷ አልሳቀችም። "እናትሽ የደም ዓይነቷ ኔጌቲቭ ነው፣ አንቺ የአባትሽን ፖዘቲቭ ወስደሻል ማለት ነው" አለችኝ። የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም አለች። ሲወለድ ግን ደሙ ከእናቱ ደም ጋር ይነካካል፤ የእናትየው ሰውነት እንደ ጠላት ያውቀዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡትን ያጠቃል። ዛሬ በመርፌ ይከለከላል አለችኝ።

የመጀመሪያው ልጅ እኔ ነኛ! በር ቀርቅሬ ቆራሌውን ሳባርር የከረምኩት ልጅ፣ ሾተላይን እቤት ይዤ የገባሁት ራሴ ነበርኩ። ከሐኪም ቤቱ ወጥቼ ታክሲ ስጠብቅ ለእማዬ ደወልኩና አለቀስኩባት።

"ታዲያ ምን ይሁን?" አለችኝ። "አንቺ በኩሬ ነሽ። አሁን ቂልነትሽን ተይና ምሳ ብዪ።"

ወደ ነገሬ ልመለስ። አንድ ቀን እማዬ "ጨጓራዋን ልትታይ" ተብሎ ሐኪም ቤት ገባችና እኔ እነ እትዬ ዙሌካ ቤት ከረምኩ። የእትዬ ዙሌካ ልጆች ስድስት ናቸው፤ ሁሉም ድምቡሽቡሽ ያሉ፣ ሁሉም ተደባዳቢ። ኑረዲን እኩያዬ ነበር፤ አንድ ክፍል ነው የምንማረው። እማዬ ስትመለስ ጨጓራዋ ድኖ ልጅ ይዛ መጣች። ሐኪም ቤት የሚሰጡ መስሎኝ "ለሁሉም በሽተኛ ነው የሚሰጡት?" ብዬ ጠየቅኩ። ኑረዲን በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ።

ያኔ ያላየሁትን ዛሬ አውቃለሁ። ቀኑ ሳይደርስ በቀዶ ጥገና ነው ያወጡት፤ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ ደሙን ቀይረውለታል፤ ሰማያዊ መብራት ሥር አስተኝተውታል። እማዬ የሆዷ ስፌት ሳይድን በመስተዋት በኩል ቆማ ስታየው ከርማለች። አባዬ ከጋራዡ በቀጥታ እዚያ እየሄደ፣ "እጄ ግሪስ ነው፣ አልነካውም" እያለ ከእሷ ጎን ይቆም ነበር አሉ።

ሽያጩ የተደረገው እቤት በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። አያቴ ከመንዝ የመጣችው ለዚሁ ነበር። ሕፃኑን በአባዬ አሮጌ ሸሚዝ ጠቅልላ ይዛው ወጣችና ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመች።

"ልጅ የሚገዛ!" አለች፤ ልክ እንደ ዶሮ ነጋዴ።

እትዬ ዙሌካ ከሳሙናው ክምር ኋላ አንገቷን አወጣች። "ምን ዓይነት ልጅ ነው?"

"ወንድ ነው።"

"እስቲ አምጪው።" ሸሚዙን ገለጥ አድርጋ አየችውና ፊቷን አጨማደደች። "ይሄ? ይሄማ አጥንት ነው! ሥጋው የታለ?"

"ሲቀለብ ይወፍራል።"

"ጆሮውስ? ደግሞ ቢጫ ነው። ስንት ትያለሽ?"

"አንድ ጣሳ ጨው።"

"ወላሂ አያወጣም! ግማሽ ጣሳ። ካልሆነ ይዘሽው ሂጂ፣ ሌላ ሱቅ ሞክሪ።"

አያቴ ትንሽ አመነታች። እኔ በሆዴ "እምቢ በያት፣ እምቢ በያት" እላለሁ።

"ይሁን፣ ውሰጂው" አለች። "ከእንግዲህ የእኛ አይደለም።"

"የእኔ ነው" አለች እትዬ ዙሌካ። ጨዉን ሰፍራ ሰጠቻት፤ ሕፃኑን ተቀብላ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች። "አንቺ፣ ጡት አለሽ አይደል? ነይ፣ ልጄን አጥቢልኝ።"

እናቴም ሄደች። በቃ፣ ወንድሜን ሸጡት፣ እናቴን ቀጠሯት አልኩ። የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ወጡ ውስጥ ያ ጨው አለበት ብዬ ነው።

የገዛ ይሰይማል ተብሎ ስሙንም እትዬ ዙሌካ አወጣችለት፤ በአባቷ ስም ሃምዛ አለችው። አያቴ ስሙን ስትሰማ ከንፈሯን ነከሰች። ክርስትና ሲነሳ ቄሱ ሌላ ስም ሰጥተውታል፤ እሱን የሚያውቁት ግን እግዜርና እማዬ ብቻ ናቸው። ዛሬ ወንድሜ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ የሚመታ፣ ሃምዛ ገሠሠ የሚባል ጎረምሳ ነው። ስሙን የሚሰማ ሰው ሁሉ ሁለቴ ያስደግመዋል፤ እሱም ማስረዳት ሰልችቶት "ረጅም ታሪክ ነው" ብሎ ያልፋል።

ነገሩ አሁን ይገባኛል። የእትዬ ዙሌካ ልጆች ይበረክታሉ። ሞት የአስቴርን ልጅ ፈልጎ ቢመጣ የአስቴር ልጅ የሚባል የለም፤ ያለው የዙሌካ ነው፤ እሱም ስሙ ሌላ፣ የለበሰው አሮጌ፣ ዋጋው ግማሽ ጣሳ ጨው። ማን ይመኘዋል? ይሄንን ትልልቁ ሰው ሁሉ ያውቃል። ለእኔ ግን የነገረኝ የለም፤ ምክንያቱም ነገሩ ከተወራ ይፈርሳል።

ያኔ እማዬ ልጄ ብላው አታውቅም። "ማርቲ፣ ከዙሌካ ልጅ ላይ ዝንቡን አባሪ" ትለኛለች። ሰው ሲመጣ ስታቅፈው የሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው ከደረቷ ራቅ አድርጋ ነው። "ሲያምር!" ያለ ሰው ካለ "ምኑ ያምራል፣ ይሄ አስቀያሚ" ትላለች። አንድ ቀን መጋረጃውን ገልጬ ስገባ አፍንጫዋን አናቱ ላይ ተክላ ዓይኗን ጨፍና አገኘኋት። ስታየኝ ደንግጣ አስቀመጠችው። "ሽንቱን ሸንቶ እንደሆነ እያየሁ ነው" አለችኝ። አናቱ ላይ? እኔ ግን እንደ ልማዴ አመንኩ።

እትዬ ዙሌካ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሱቋን ከመክፈቷ በፊት በራችን ላይ ትቆማለች።

"አስቱ! ልጄ እንዴት አደረ?"

"ደህና አደረ እትዬ።"

"አስርበሽው እንዳይሆን! ክሳት አይቼበታለሁ።"

እናቴ አንገቷን ደፍታ "ኧረ ጠብቷል" ትላለች። እኔ አጠገቧ ጥርሴን አፋጫለሁ። ትዕቢተኛ! ጨው ስላላት ብቻ! ማታ ማታ ደግሞ እማዬ ከእሷ ጋር ሱቁ ደጃፍ ቁጭ ብላ ስትስቅ አያለሁ፤ ፈርታት ነው እላለሁ።

በመጨረሻ ወንድሜን ላስመልሰው ወሰንኩ። ግን በምን? ኑረዲንን አማከርኩት።

"እኔ ብሸጥ ስንት አወጣለሁ?"

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። "አንቺ? አንቺማ ምራቂ ነሽ። ዕቃ ለገዛ ሰው በነፃ የምትጨመሪ።"

አሁን ኑረዲን መርካቶ ትልቅ ሱቅ አለው፤ ሠርጌ ላይም በማይክ ይሄንኑ ደገመው።

የዚያን ዕለት ግን ተስፋ አልቆረጥኩም። የሰንበት ቀሚሴን ለብሼ፣ ፀጉሬን በውኃ አስተኝቼ ሱቁ ጋ ሄድኩ።

"እትዬ ዙሌካ፣ እኔን ውሰጂኝና ሃምዛን መልሺልን።"

ሚዛኑን አስቀመጠች። "ለምን?"

"እማዬ ልጄ አትለውም። ስለሸጠችው ነው የከፋት። እኔን ብትሸጠኝ ግን እኔ ትልቅ ነኝ፣ ዕቃ አጥባለሁ፣ ማንበብ እችላለሁ። እማዬን ደግሞ በበሩ በኩል ማየት እችላለሁ።"

"አንቺን?" አለች። "አንቺ ብዙ ትበያለሽ። አታዋጪኝም።" ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ሳሙናዎች ማስተካከል ጀመረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እየሳቀችብኝ መሰለኝና እያለቀስኩ ሮጬ ሄድኩ። ዛሬ ያ ሳቅ እንዳልነበረ አውቃለሁ።

ሃምዛ መዳህ በጀመረበት ክረምት ታመመ። ሰውነቱ እሳት ሆነ፤ ሲተነፍስ ጎኑ ይገባል፤ ጡት ሲሰጡት ይገፋል። አባዬ ሥራ ላይ ነበር። እማዬ ክንዷ ላይ ስታየው ከንፈሯ ነጣ፤ እሱን አቅፋ ባዶ እግሯን ሱቁ ጋ ሮጠች። እትዬ ዙሌካ ሱቁን ለኑረዲን ጥላ፣ ሃምዛን ከእማዬ እጅ ነጥቃ በሻርፗ ጠቀለለችው። በጭቃው ወደ ጤና ጣቢያ ስንሄድ እትዬ ዙሌካ ከፊት፣ እማዬ እያነከሰች ከኋላ፣ እኔ መጨረሻ ነበርን። "ያ አላህ፣ ያ አላህ" ትላለች አንዷ። "ማርያም፣ ማርያም" ትላለች ሌላዋ።

ካርድ ክፍሉ በሰው ተሞልቷል። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ቀና ብላ ጠየቀች።

"የሕፃኑ እናት ማን ናት?"

እማዬ አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። እትዬ ዙሌካ ገፋ አድርጋት ቀረበች።

"እኔ ነኝ።"

"ስም?"

"ሃምዛ።"

"የአባት?"

እትዬ ዙሌካ አመነታች። "ዑስማን" አለች። የባሏን ስም።

እንግዲህ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የአባቴን ስም ስትነጥቅ ሳይ ያን ሁሉ ወር ያፈንኩት ገነፈለ።

"ውሸቷን ነው!" ብዬ ጮህኩ። "አባቱ ገሠሠ ነው! እሷ ገዝታው ነው! ከአያቴ ላይ በጨው ነው የገዛችው!"

ወረፋ ላይ ያለ አንድ ሰውዬ "ልጅ ነው የገዛችው?" አለ። አንዲት ሴት የራሷን ልጅ ወደ ጉያዋ ሰበሰበች። የጥበቃው ሽማግሌ ጋሽ ቱሉ ዱላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

"ማንም እንዳይወጣ" አሉ። "አንቺ ሴትዮ፣ እውነት ነው?"

እትዬ ዙሌካ አንዲት ቃል ብትናገር ትድን ነበር። "ለወጉ ነው፣ ለሾተላይ ነው" ብትል የማያውቅ የለም። አላለችም። እንዲህ ብላ ከተናገረች መግዛቷ ቀልድ ይሆናል፤ ሞትም ይሰማል። ሃምዛን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

"አዎ፣ ገዝቼዋለሁ" አለች። "ልጄ ነው። መጀመሪያ ልጄን ሐኪም ይየው፤ ከዚያ ወደ ፈለጋችሁበት ውሰዱኝ።"

"ፖሊስ ጥሩ!" አለ ሰውዬው። እኔ እንዳሸነፈ ሰው ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ። አይ እኔ! ሃምዛ ያጣጥራል፤ ካርዱ አልተጻፈም፤ እኔ ግን ወንድሜን ያስመለስኩ ነው የመሰለኝ።

ያኔ እናቴ ከኋላዬ ተናገረች።

"የእኔ ነው።"

"አስቱ፣ ዝም በይ!" አለች እትዬ ዙሌካ። ስትለምናት የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "እስካሁን ጠብቀሽ! አፍሽን ያዢ እባክሽ!"

"ዝም አልልም። እኔ ነኝ የወለድኩት። ልጄ ነው።" አሁን ጮኸች። "ልጄ ነው! ልጄ ነው! ልጄን አክሙልኝ! ከፈለገ ይስማ!"

ዓይኗ በሩ ላይ ነበር። የሆነ ነገር ሊገባ ነው ብዬ እኔም ወደ በሩ ዞርኩ። ከጋሽ ቱሉ በስተቀር ማንም አልነበረም። እሳቸው ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሾተላይ ነው ነገሩ?" አሉ ቀስ ብለው። "ታዲያ እንደዚያ አትሉም? እኔንም እናቴ ሸጣኝ ነው ያደግኩት።" ወደ መስኮቱ ዞሩ። "ልጄ፣ ሁለቱም እናቶቹ ናቸው። ቶሎ አስገቢያቸው።"

ሳንባ ምች ነበር። ነርሷ ጠረጴዛው ላይ አስተኝታው መርፌውን ስታዘጋጅ እትዬ ዙሌካ ግድግዳው ጋ ቆማ በሻርፗ ፊቷን ሸፍናለች። እማዬ ሃምዛ ላይ ጎንበስ ብላ ጉንጩን በጉንጯ ይዛዋለች። "ልጄ" ትላለች፣ "ልጄ፣ ልጄ"፤ ሁሉንም የዚያን ዓመት "ልጄ" በአንድ ቀን ልትጨርሰው ነው። መርፌው ሲገባ ሃምዛ ጣሪያ የሚቀድ ጩኸት ጮኸ። ነርሷ "ጎበዝ፣ ጉልበት አለው" አለች። እማዬ እያለቀሰች ሳቀች።

እኔ በሩ ሥር ቆሜ ጥፊዬን እጠብቅ ነበር። እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። እጇን ስትዘረጋ ትከሻዬን ሰብሰብ አደረግሁ።

"ማርቲ፣ ነይ" አለችኝ። "የወንድምሽን እጅ ያዢልኝ።"